በሬዲዮ ለሚመራ የእሽቅድምድም መኪና የኃይል ማስተላለፊያ መለዋወጫ አመራረጥ

በሬዲዮ በሚመራ የእሽቅድምድም መኪና የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማዎቹ የሚደርሰው በጊሮች፣ በዲፈረንሻል፣ በዘንጎችና በኩሽኔታዎች ሲሆን፣ እነዚህ ክፍሎች በአንድነት የኃይል ማስተላለፊያ ይባላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሲሰበር ይበልጥ ጠንካራውን ገዝቶ መግጠም ብልህነት ቢመስልም፣ አንዱ ክፍል ያልተሸከመው ምት ወደ ጎረቤቱ ስለሚያልፍ፣ ምርጫው ከጥንካሬ በፊት በምርመራና በልክ ላይ ሊመሠረት ይገባል። የሚከተለው ቅደም ተከተል የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ መጠን ያለውንና በአቧራማ ሜዳ የሚወዳደረውን ዓይነት ምሳሌ ያደርጋል።

1. የጉዳቱን ምክንያት መለየት። ጥርሶች በአንድ ቦታ ብቻ ከተሰበሩ ጠጠር ገብቶ ወይም መኪናው ከዝላይ ሲያርፍ ከባድ ምት ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ዙሪያውን ከተበሉ ግን የጊሮቹ አለመገጣጠም ወይም የላላ የሞተር ብሎን ይጠረጠራል። ምክንያቱ ሳይወገድ የገባ አዲስ ጊር እንደ አሮጌው መበላቱ አይቀርም።

2. የጥርሱን መጠን ማመሳከር። ፒች የሚባለው ልኬት የጥርሶቹ ብዛት ጥርሶቹ በሚገናኙበት ክብ ዲያሜትር ለአንድ ኢንች ስንት እንደሚደርስ ሲያመለክት፣ ሞጁል ደግሞ ያንኑ ዲያሜትር በሚሊሜትር ለጥርሶቹ ብዛት በማካፈል ይገኛል። 48 ፒች ወደ ሞጁል ሲለወጥ 0.53 ገደማ ስለሚሆን፣ ባለ 0.5 ሞጁል ጊር ለዓይን ቢመስለውም ከእርሱ ጋር ሲሠራ ጥርሱን ይበላል። የሞተሩ ዘንግ ውፍረትም በዚህ መጠን ባሉ መኪኖች በአብዛኛው 3.175 ሚሊሜትር በመሆኑ የጊሩ ቀዳዳ አብሮ ይለካል።

3. ምጣኔውን ማስላት። በሞተሩ ላይ የሚታሰረው ትንሹ ጊር 26፣ ትልቁ 78 ጥርስ ቢኖራቸው 78 ለ26 ተካፍሎ 3 ይሆናል፤ ይህም በማስተላለፊያው ውስጣዊ ምጣኔ፣ ለምሳሌ በ2.6፣ ሲባዛ 7.8 ስለሚመጣ ሞተሩ 7.8 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ትንሹ ጊር ወደ 28 ጥርስ ቢያድግ ምጣኔው ወደ 7.24 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከፍተኛው ፍጥነት ቢጨምርም ሞተሩ ይበልጥ ስለሚጨነቅ ይግላል። ስለዚህ ለውጡ በአንድ አንድ ጥርስ ተደርጎ፣ ከየአጭር ሩጫው በኋላ የሞተሩ ሙቀት ይለካል።

4. ቁሱን በሥራው መምረጥ። ለትንሹ ጊርና ለጎማ ዘንጎች ብረት ተገቢ ሲሆን፣ ትልቁ ጊር ፕላስቲክ መሆኑ ጥቅም አለው፤ ርካሹ ጊር ቀድሞ ሲሰበር ውዱ ዲፈረንሻል ሊተርፍ ይችላልና። ከባድ ምት ሲመጣ እየተንሸራተተ የሚያለዝበው ፍሪሲዮን ከመጠን በላይ ከጠበቀ ግን ይህ ጥበቃ ይቀንሳል።

5. ኩሽኔታውን በሦስት ልክ መግዛት። የውስጥ ዲያሜትር፣ የውጭ ዲያሜትርና ስፋት፣ ለምሳሌ 5 በ10 በ4 ሚሊሜትር፣ አንዱም ሳይዛነፍ መግጠም አለባቸው። የጎማ ክዳን ያለው አቧራን በተሻለ ሁኔታ ሲከላከል፣ የብረት ክዳን ያለው ቀለል ብሎ ይዞራል።

6. ክፍተቱን ማስተካከል። በሁለቱ ጊሮች መካከል ቀጭን ወረቀት ገብቶ የሞተሩ ብሎኖች ከጠበቁ በኋላ ወረቀቱ ሲወጣ፣ ጊሮቹ ሳይጨናነቁ ጥቂት መላወስ ይኖርባቸዋል። ትልቁ ጊር ፍጹም ክብ ላይሆን ስለሚችል ይህ ልቅነት ሙሉ ዙር እየዞረ ይፈተሻል፤ በጠበበው ቦታ የተስተካከለ ክፍተት በሌላው ቦታ ጥቂት ቢሰፋም ጥርሱን አያጨናንቅም።