ካርቡራቶር ወጥቶ ኢንጀክሽን ሲገባ፦ የሽቦው ሥራ ደረጃ በደረጃ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ ወደ 2,850 ትጠጋለች። ደባርቅ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ስለሚቀንስ ካርቡራቶር ያለው አሮጌ ኮሮላ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። 2ኢ ሞተሩን አውጥቶ ኢንጀክሽን ያለውን 4ኢ-ኤፍኢ ለማስገባት የሚያስብ ባለቤት በቂ ምክንያት አለው። ሁለቱም የ1.3 ሊትር ሞተሮች ናቸው። ሞተሩን ማስቀመጥ የብረት ሥራ ነው፤ መኪናውን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ግን ብዙ ጊዜ ሽቦው ነው።

1ኛ፦ ሞተሩን ሲገዙ ኮምፒውተሩንና የሞተሩን ሽቦ ከዚያው መኪና፣ ሳይቆረጥ ይውሰዱ። ሽቦው በመቁረጫ ከተበጠሰ ዋጋው ቢቀንስም አይግዙት። የማኑዋል ካምቢዮ ካለዎት የማኑዋል ኮምፒውተር ይጠይቁ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስለሚስተካከል ሰነዱንም አብረው ይቀበሉ።

2ኛ፦ የባትሪውን ኔጋቲቭ ያውጡ። ከድሮው ሞተር የሚነቀለውን እያንዳንዱን ሶኬት በፕላስተር ላይ ስሙን ጽፈው ይለጥፉበት። የመብራት፣ የጡሩምባና የዝናብ መጥረጊያ ሽቦ አይነካም፤ የድሮው የመኪናው ሽቦ እንዳለ ይቀመጣል።

3ኛ፦ አሁን ሁለቱን ማገናኘት ነው። አዲሱ ሽቦ ራሱን የቻለ ስለሆነ ከድሮው ጋር የሚገናኘው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፦ ከባትሪ በፊውዝ የሚመጣ ቋሚ 12 ቮልት፣ ከቁልፍ የሚመጣ ኮረንቲ፣ የሞተሪኖው ምልክት፣ የቼክ ኢንጂን መብራት፣ የዲናሞው፣ የዘይቱና የሙቀት መለኪያው ሽቦዎች። የቁልፉን ኮረንቲ ከሬዲዮው መስመር የሚወስዱ አሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ያ መስመር ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል፣ መኪናው አይነሳም። ቴስተር ይዘው፣ ቁልፉ ማስነሻው ላይ ሲሆንም ኮረንቲው የማይጠፋበትን ሽቦ ይፈልጉ። ሙቀት ላይ ደግሞ ሁለት ሴንሰር አለ፤ ባለ ሁለት ሽቦው የኮምፒውተሩ፣ ባለ አንድ ሽቦው የዳሽቦርዱ ነው። አይቀላቅሏቸው።

መጋጠሚያዎቹን በስታኞ በይደው፣ አንዱን ከሌላው ፈቀቅ አድርገው በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፍኑ። ናስትሮ ብቻውን የሞተር ሙቀት አይችልም። ሽቦው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደታች ጎንበስ ይበል፤ የክረምቱ ውሃ ተከትሎት ኮምፒውተሩ ላይ እንዳይደርስ።

4ኛ፦ የቤንዚን ፓምፕ። የካርቡራቶሩ ፓምፕ ለኢንጀክሽን አቅም የለውም፤ ታንኩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ ከፍተኛ ግፊት የሚችል ጎማና የመመለሻ ቱቦ ያስፈልጋል። ፓምፑን በቀጥታ ቁልፉ ላይ ማሰር ፈጣን ስለሆነ ብዙዎችን ያጓጓል። እባክዎ አያድርጉት። የኮምፒውተሩ ሪሌ ሞተሩ መዞሩን ካላየ ፓምፑን ያጠፋል። ሊማሊሞ ላይ መኪና ቢገለበጥና ቱቦው ቢበጠስ፣ በቁልፍ የታሰረው ፓምፕ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። ሪሌው ጥቂት ሽቦ ነው፤ የተሳፋሪ ሕይወት ግን በእሱ ላይ ነው።

5ኛ፦ ማሳ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ይፋቁ፤ ከሞተሩ ወደ ቦዲው፣ ከቦዲው ወደ ባትሪው ወፍራም ሽቦ ይዘርጉ። የሴንሰሮቹን ማሳ ግን ቦዲው ላይ አያስሩት፤ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለስ። ሞተሪኖው ሲዞር ከሞተሩ ብረት እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ሥራው አልተጠናቀቀም።

6ኛ፦ ቁልፍ ይክፈቱ፤ ቼክ ኢንጂኑ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሞተሩን ያጥፉና ቁልፉን እንደገና ይክፈቱ፤ ኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1ን ከኢ1 በአጭር ሽቦ ያገናኙ። መብራቱ ሁለቴ፣ ቆም ብሎ ሁለቴ ቢል 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ይመልከቱ። ሦስቴና አንዴ ቢል 31 ነው፤ የአየር ግፊት ሴንሰሩን። ይህን ሴንሰር በጥገና መጽሐፉ ቁጥር ሲለኩ ይጠንቀቁ፦ መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ባሕር ጠለል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጎንደር ላይ የሚያሳየው ቮልት ከግማሽ ቮልት በላይ ዝቅ ይላል፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጤነኛ ሴንሰር ተበላሽቷል ተብሎ እንዳይጣል።

ከዚያ ሙሉ ጭነት ይዘው ከጎንደር እስከ ዳባት ይንዱ፤ ሲመለሱ ፊውዞቹንና መጋጠሚያዎቹን በእጅዎ ይዳስሱ፤ የሞቀ ካለ ፈትተው እንደገና ይሥሩት።