ገብር ኄር፦ እኔስ የት ላገልግል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! የዐቢይ ጾም 6ኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል፤ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። በዚህ ዕለት የመክሊቱን ምሳሌ እንማራለን (ማቴ. 25፥14-30)። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ «እኔ ደግሞ ምን መክሊት አለኝ? የትስ ነው የማገለግለው?» እንላለን። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ከዓመት ዓመት ጥያቄ ብቻ ሆኖ ከቀረ መክሊትን መቅበር ይሆናል።

ጌታው ለአንዱ 5፣ ለሌላው 2፣ ለሦስተኛው 1 መክሊት እንደየዐቅማቸው ሰጣቸው። ልብ በሉ፤ 5 ያተረፈውና 2 ያተረፈው የተመሰገኑት በአንድ ዓይነት ምስጋና ነው። የተመዘነው ታማኝነታቸው እንጂ የመክሊቱ ብዛት አይደለም። እኛ ግን አገልግሎት ሲባል ቶሎ የሚታየን መድረክና ድምፅ ማጉያ ነው። ምንጣፍ የሚያነጥፍ፣ ቅጽር የሚያጸዳ፣ የታመመ የሚጠይቅ ሲፈለግ ግን ሰው ይጠፋል።

በሐዋርያት ዘመን በየዕለቱ በሚደረገው እርዳታ አንዳንድ መበለቶች ተዘነጉ። ሐዋርያት ጸሎትንና ስብከትን አልተዉም፤ ማዕዱንም አልናቁም፤ ሕዝቡ የመረጣቸውን 7 ዲያቆናት ሾሙ (የሐዋ. 6)። ከእነዚህ አንዱ ፊልጶስ ነው። ለማዕድ የተመረጠው ፊልጶስ በጋዛ መንገድ የእኛን አገር ሰው፣ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ፣ አስተምሮ አጠመቀ (የሐዋ. 8)። በትንሹ የታመነ ወደ ትልቁ ይላካል።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ? ራሳችንን እንጠይቅ።

1ኛ. በእጄ ያለው ምንድን ነው? ሒሳብ የተማረ ለሰበካ ጉባኤው ይጠቅማል። ነርስ የሆነች እኅት ደካማ አረጋውያንን ትጎብኝ። ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ የሚያውቅ ወንድም ወንጌልን በዚያ ቋንቋ ለሚሰማው ሕዝብ ያድርስ።

2ኛ. ጉድለቱ የት ነው? በከተማ ዘማሪ ሞልቶ ሳለ በገጠር ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ ያጣ ቤተ ክርስቲያን አለ። የዕለት ጉርስ ያጣ የአብነት ተማሪ አለ። በማረሚያ ቤት የሚጠይቀው ያጣም አለ።

3ኛ. ሥርዓቱ ይፈቅድልኛል? ንጉሡ ዖዝያን ያልተሾመበትን ክህነት ደፍሮ ሊያጥን ገብቶ በለምጽ ተመታ (2 ዜና 26)። መንፈሳዊ ቅንዓት ጥሩ ነው፤ ግን ከድርሻችን አያስወጣን።

4ኛ. ቤቴስ? ልጆቹን ጸሎት ሳያስተምር ለሰው ልጅ ጉባኤ የሚሮጥ ቅደም ተከተሉን ስቷል። የመጀመሪያው የስብከት ቦታ ቤታችን ነው።

«እኔ እንኳን ጊዜም ዕውቀትም የለኝ» የሚል ይኖራል። ያ 1 መክሊት የተቀበለውም ፈራሁ ነው ያለው። ጌታው ግን ራሱ ባይነግድበት እንኳ ለለዋጮች መስጠት ይችል እንደነበረ ነገረው። ገጠር ሄዶ ማስተማር የማይችል ለሚሄደው መምህር የመሳፈሪያ ሊሸፍን ይችላል። መሸፈን ያልቻለች እናት ስሙን ይዛ በስግደቷ ታስበው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይሉ የለ? ዛሬ በየአጥቢያው ጥቂት ሰዎች ሁሉን ተሸክመው የሚደክሙት ሌሎቻችን ሎሚያችንን ስላላነሣን ነው።

ወገኖቼ! ከገብር ኄር እስከ ሆሣዕና 2 ሳምንት አለ። በእነዚህ ቀናት ወደ ንስሐ አባታችሁ ቅረቡና «አባቴ፣ ያለኝ ይህ ነው፤ የት ልቁም?» በሏቸው። የተመደባችሁበት ቦታ ዝቅ ያለ ቢመስላችሁም ለ1 ዓመት ሳታቋርጡ ቆዩበት። ጌታ ሲመጣ የሚጠይቀን ስለ ጎረቤታችን 5 መክሊት ሳይሆን ለእኛ ስለ ሰጠን ነው። በጎ አገልጋይ ተብለን ወደ ደስታው እንድንገባ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።