ቤትና መቅደስ፦ ንዑሳን ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦችና የእሑድ ጉባኤ



በብዙ ቁምስናዎቻችን ምእመናን በየሰፈራቸው ሆነው በሳምንት አንድ ቀን ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ወንጌል ያነባሉ፤ ስለ ሰሙት ቃል ይነጋገራሉ፤ ይጸልያሉ፤ የታመመውን ይጠይቃሉ፤ ያዘነውን ያጽናናሉ። እነዚህን ስብስቦች «ንዑሳን ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦች» ብለን እንጠራቸዋለን። እሑድ ደግሞ ሁላችንም ከየሰፈሩና ከየመንደሩ መጥተን በአንድ መሠዊያ ዙሪያ ለቅዳሴ እንቆማለን።

ስለ እነዚህ ሁለት ጉባኤዎች ሁለት ዓይነት አነጋገር ሲነገር እንሰማለን። አንደኛው «ሐሙስ ማታ በቤት ጸልየናል፥ ቃሉንም ሰምተናል፤ እሑድ ብንቀር ምን ይጎድልብናል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እሑድ ካስቀደስን ይበቃናል፤ ከጎረቤት ጋር መሰብሰቡ ምን ይጨምርልናል?» የሚል ነው። ሁለቱ አነጋገሮች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ቤቱንና መቅደሱን የሚያገናኘውን መንገድ ይዘጋሉ። በዚህ ትምህርት ስለዚሁ መንገድ በጥቂቱ እንመለከታለን። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች

ቅዱስ ሉቃስ የኢየሩሳሌምን የመጀመሪያ ምእመናን ሕይወት ሲገልጽ ሁለት ቦታዎችን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አጣምሮ ያስቀምጣል (የሐዋ. 2፥46)። በየዕለቱ በአንድ ልብ ሆነው በቤተ መቅደስ ይገኙ ነበር፤ በየቤታቸውም እንጀራ ይቆርሱ ነበር። አንዱ ሌላውን አልተካም።

ወንጌል ወደ አሕዛብ ከተሞች ሲደርስም ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር። ድንኳን ሰፊዎቹ ባልና ሚስት አቂላና ጵርስቅላ በሄዱበት ከተማ ቤታቸው የቤተ ክርስቲያን መሰብሰቢያ ይሆን ነበር (1ቆሮ. 16፥19፤ ሮሜ 16፥3-5)። በፊልሞና ቤትም እንዲሁ (ፊል. 2)። ይሁን እንጂ ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጋይዮስ ሲናገር የእርሱና የመላው ቤተ ክርስቲያን አስተናጋጅ መሆኑን ይገልጻል (ሮሜ 16፥23)። ስለዚህ በአንድ ከተማ በየቤቱ የሚሰበሰቡ ምእመናን ቢኖሩም ሁሉም በአንድነት የሚገናኙበት ጊዜ ነበራቸው ማለት ነው። ሐዋርያው መልእክቶቹ ለወንድሞች ሁሉ እንዲነበቡ በጥብቅ ማዘዙም (1ተሰ. 5፥27) ማንኛውም ስብስብ ቃሉን ለብቻው እንዳይዝ ነው።

በቆሮንቶስ የሆነው ግን ማስጠንቀቂያ ይሆነናል (1ቆሮ. 11፥17-34)። ምእመናኑ የጌታን እራት ለመብላት ሲሰበሰቡ ያለው ቀድሞ ይበላ ይጠጣ ነበር፤ የሌለው ይራብ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት እንደሚገምቱት የባለጸጋ ቤት የመብል ክፍል ጥቂት ሰዎችን ብቻ ስለሚይዝ የባለቤቱ ወዳጆች በዚያ ሲቀመጡ ዘግይተው የሚመጡት ሠራተኞችና ባሮች ውጭ በግቢው ይቀሩ ነበር። ሐዋርያው ይህን የመስተንግዶ ጉድለት ብቻ አድርጎ አላየውም፤ የጌታን ሥጋ አለመለየት ነው አለው። እንግዲህ ቤት ፍቅርን የሚያሳድግ ቦታ የመሆኑን ያህል ልዩነትንም ሊያሳድግ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

2. እርሾው

በ155 ዓ.ም. ገደማ ሰማዕቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ ስለ ክርስቲያኖች የእሑድ ጉባኤ በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ በከተማም በገጠርም የሚኖሩት ሁሉ በአንድ ቦታ እንደሚሰበሰቡ ይናገራል። ትረካው በዚህ አያበቃም። ከቅዳሴው በኋላ ዲያቆናት ቅዱስ ቁርባኑን ላልተገኙት ይወስዱላቸዋል፤ ከምእመናን የተሰበሰበው መባም ለሙት ልጆች፥ ለመበለቶች፥ ለሕሙማን፥ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል። ከየቤቱ ወደ ጉባኤው የመጣው ሕዝብ ከጉባኤው ደግሞ ወደየቤቱ የሚሄድ ነገር ነበረው።

ምእመናን እየበዙ ሲሄዱ በትልልቅ ከተሞች ሁሉም ከጳጳሳቸው ጋር በአንድ መሠዊያ መቆም አልቻሉም። በሮም ከተማ ካህናት በየክፍሉ በተሰጣቸው ቤተ ክርስቲያን ለሕዝባቸው ይቀድሱ ጀመር። ታዲያ አንድነቱ እንዴት ይጠበቅ? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 1ኛ በ416 ዓ.ም. ለጉቢዮ ጳጳስ ለዴኬንጥዮስ በጻፉት ደብዳቤ መልሱን እናገኛለን። በየእሑዱ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ከቀደሱት ቅዱስ ቁርባን ቁራሽ በአገልጋዮች እጅ በከተማዋ ውስጥ ወዳሉት ካህናት ይላክ ነበር፤ ካህናቱ በአደራ ስለተቀበሉት ሕዝብ ሲሉ ሊመጡ ባይችሉም፥ በተለይ በዚያ ዕለት ከአንድነቱ የተለዩ እንዳይመስላቸው ነው። የዚህ ቁራሽ ስም በላቲን «ፌርሜንቱም» ሲሆን ትርጉሙ እርሾ ማለት ነው።

እርሾ ለእናቶቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከትናንቱ ሊጥ የተረፈው ጥቂት እርሾ የዛሬውን ቡሖ ያነሣል፤ እርሾ የሌለው ሊጥ ግን ምንም ቢያቦኩት አይነሣም። ንዑስ ማኅበረሰብም እንዲሁ ነው። የሐሙሱ ጸሎት የሚነሣው ከእሑዱ መሥዋዕት በተቀበለው እርሾ ነው። እርሾም ደግሞ በሊጡ ውስጥ ካልተለወሰ በገንቦው ሆኖ ይበላሻል፤ የእሑዱም ጸጋ በየሰፈሩ ሕይወት ካልገባ ፍሬውን አናየውም።

3. የቅርብ ጊዜ ትምህርተ ቤተ ክርስቲያን

የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤዎች ማኅበር (አሜሴያ)፥ የእኛም ሀገር አባል የሆነበት፥ በ1973 እና በ1976 ዓ.ም. በናይሮቢ ባደረጋቸው ጉባኤዎች ንዑሳን ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦችን የሐዋርያዊ ሥራው ዋና መንገድ አድርጎ ተቀብሏል። ቅዱስ ጳውሎስ 6ኛ በ1975 ዓ.ም. ስለ ወንጌል ስብከት በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር እነዚህን ማኅበረሰቦች አመስግነው መለያቸውንም ዘርዝረዋል፤ በቃለ እግዚአብሔር ይመገባሉ፤ ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንና ከእረኞቻቸው ጋር በቅን ልብ ይተባበራሉ፤ ወንጌል ለእኛ ብቻ ተሰጠ አይሉም፤ የፖለቲካ መሣሪያ ከመሆንም ይጠበቃሉ (ቁ. 58)።

በ1994 ዓ.ም. በሮም የተካሄደው የአፍሪካ ሲኖዶስ ቤተ ክርስቲያንን «የእግዚአብሔር ቤተሰብ» ብሎ ገለጻት። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1995 ዓ.ም. በያውንዴ ይፋ ባደረጉት ሰነድ ይህች ቤተሰብ ሙሉ መልኳን የምታገኘው ሰው ከሰው ጋር በቅርብ በሚተዋወቅባቸው ትናንሽ ማኅበረሰቦች ስትደራጅ እንደሆነ አስተምረዋል፤ በዚያውም የክርስቶስ ፍቅር የጎሣንና የዘርን አጥር የሚሻገር መሆኑን አሳስበዋል (ቁ. 89)። እኚሁ አባት በ1998 ዓ.ም. ስለ ጌታ ቀን በጻፉት መልእክት ደግሞ እሑድ የመሰባሰብ ቀን ስለሆነ በዚያ ዕለት ለትናንሽ ቡድኖች የተለየ ቅዳሴ ማድረግ እንዳይበረታታ አዘዋል (ቁ. 36)። በሦስት ዓመት ልዩነት የተጻፉት እነዚህ ሁለት ትምህርቶች አንድ ሐሳብ ናቸው፤ በሳምንቱ በየቤቱ ተሰብሰቡ፥ እሑድ ግን በአንድነት ኑ የሚል።

በሀገራችን የክርስትና ባህልም ይህ እንግዳ አይደለም። የጽዋ ማኅበር በቅዱሱ ወይም በቅድስቲቱ መታሰቢያ ቀን በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ሰንበቴ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሰበሰባል። አባቶቻችን ሁለቱንም ይዘው ኖረዋል።

4. መንገዱ ሲዘጋ

ቤቱ ከመቅደሱ ሲለይ ምልክቱ ቀስ በቀስ ይታያል። የስብሰባው ሰዓት ከቅዳሴው ሰዓት ጋር መጋጨት ይጀምራል። አባላቱ በጉርብትና መሆናቸው ይቀርና በወዳጅነት፥ በቋንቋ ወይም በኑሮ ደረጃ ይመራረጣሉ። አንድ ሰው ብቻ ያነባል፥ ይተረጉማል፥ ይወስናል፤ እርሱ ከሌለ ስብሰባ የለም። ስለ ቁምስናው ሲነገር «እኛ» መባሉ ቀርቶ «እነርሱ» ይባላል። እዚህ ከደረሰ የቆሮንቶስ ቤት ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው።

መቅደሱ ከቤቱ ሲለይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ድምፅ ስለሌለው ይበልጥ ያሠጋል። አንዲት አሮጊት እናት ታመው ሦስት እሑድ ቢቀሩ፥ ብዙ መቶ ሰው በሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ማን ያውቃል? ካህኑ የሚሰማው ምናልባት ለፍትሐት ሲጠራ ነው። በሰፈራቸው ንዑስ ማኅበረሰብ ካለ ግን በመጀመሪያው ሐሙስ ቦታቸው ባዶ መሆኑ ይታያል፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ለቆሞሱ ይነገራል፤ እናታችንም ቅዱስ ቁርባንና ምሥጢረ ቀንዲል ሳይቀበሉ አይቀሩም። ስለዚህ የንዑሳን ማኅበረሰቦች ጉዳይ የአሠራር ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የነፍስ ጉዳይ ነው።

በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በብዙ አገሮች አብያተ ክርስቲያናትን ባዘጋ ጊዜ ጸሎትን ያቆየው ቤት ነበር። በዚያው ዓመት ስለ ሥርዓተ አምልኮ ኃላፊነት ያለው የቫቲካን ጽሕፈት ቤት ምእመናን በደስታ ወደ ቅዱስ ቁርባን ጉባኤ እንዲመለሱ ለጳጳሳት መልእክት መላኩ፥ ቤቱ በችግር ቀን የሚያቆይ እንጂ መሠዊያውን የሚተካ አለመሆኑን ያስታውሰናል።

5. በተግባር

ሀ. የሚነበበው ወንጌል በመጪው እሑድ በቅዳሴ የሚነበበው ይሁን። ሐሙስ በቤት የተሰላሰለው ቃል እሑድ ከመቅደስ ሲሰማ እንደሚታወቅ ድምፅ ይሆናል።

ለ. በደቡብ አፍሪካ የሉምኮ ተቋም ያዘጋጀው የሰባት ደረጃ ንባብ ለጀማሪዎች ይመቻል፤ ጌታን መጋበዝ፥ ንባቡን ማንበብ፥ ልብ የነካውን ቃል ደጋግሞ ማሰማት፥ በጸጥታ መቆየት፥ የሰሙትን መካፈል፥ ስለሚሠራው ሥራ መነጋገር፥ በመጨረሻም መጸለይ። መካፈል ማለት ስብከት ማለት አይደለም፤ ክርክርም አይደለም። ስድስተኛው ደረጃ ሲዘለል ማኅበረሰቡ የንባብ ቡድን ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሐ. መስተንግዶው ቀላል ይሁን። ቡናና ቆሎ ይበቃል፤ ውኃም ቢሆን ያስመሰግናል። አንዱ ቤት ድግስ ከደገሰ ቀጥሎ ያለው ድሀ ተራው እንዳይደርስበት ይሸሻል፤ ሳንናገር ከማኅበሩ አስወጣነው ማለት ነው።

መ. በቤት የተነገረ የግል ችግር ከቤት አይውጣ። የታመመ፥ የተጣላ ወይም የተቸገረ ሲኖር ግን በባለጉዳዩ ፈቃድ ለቆሞሱ ይነገር፤ በእሑዱ የምእመናን ጸሎትም ይታሰብ። ለድሆች የተሰበሰበው ገንዘብ በሁለት ሰዎች እጅ ይጠበቅ፥ ሒሳቡም በግልጽ ይነገር።

ሠ. መሪው በጊዜ ገደብ ይመረጥ፤ የየማኅበረሰቡ መሪዎችም ከቆሞሱ ጋር በየጊዜው ይገናኙ። ማኅበረሰቦቹ በእሑድ ቅዳሴ በተራ በንባብ፥ በመዝሙር፥ በጽዳትና እንግዳ በመቀበል ያገልግሉ።

ረ. ካህን በየሳምንቱ በማይደርስባቸው የገጠር ጸሎት ቤቶች የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ የቃለ እግዚአብሔር ሥርዓት ይመራል። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የቫቲካን መመሪያ እንደሚያስተምረው ይህ ሥርዓት ከቅዳሴ ጋር እንዳይምታታ፥ ሕዝቡንም ቅዳሴን እንዲናፍቅ እንዲያደርገው ያስፈልጋል። ጳጳሱ በፈቀዱበት ቦታ ቅዱስ ቁርባን ሲታደልም ቀደም ሲል በቅዳሴ ከተቀደሰው ነው፤ የሮም ካህናት ይቀበሉት የነበረውን እርሾ እናስታውስ። የሩቁ ጸሎት ቤት ከመሠዊያው አልተለየም።

የተወደዳችሁ ሆይ፥ የዕብራውያን መልእክት መሰብሰባችንን እንዳንተው ሲመክረን በዚያው እርስ በርሳችን እንድንመካከርም ያዘናል (ዕብ. 10፥25)። ከየቤታችን የሐሙሱን ሐዘንና ደስታ ይዘን እሑድ ወደ መሠዊያው እንምጣ፤ ከመሠዊያውም የተቀበልነውን ይዘን ወደየሰፈራችን እንመለስ። ይህ መንገድ በእያንዳንዱ ሳምንት በእግራችን የሚጠረግ ነው፤ ካልተመላለስንበት ሣር ይበቅልበታል። እግዚአብሔር አምላካችን በቤታችንም በመቅደሱም አንድ ያድርገን። አሜን።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ወር ከሰፈራችን ከእሑድ ቅዳሴ የቀረ ማን ነው? ምክንያቱን እናውቃለን?
2. ተራ ደርሶት ቤቱን ለመክፈት የሚያፍር ጎረቤት አለን? ምን ብናደርግ ይቀለዋል?
3. በማኅበረሰባችን የሌሉት እነማን ናቸው? ያልመጡት ስላልፈለጉ ነው ወይስ ስላልተጠሩ?
4. ከእሑዱ ቅዳሴ ወደ ሰፈራችን ይዘነው የምንመለሰው አንድ ሥራ ምን ይሁን?