የአምቡላንስ መብራት፦ ከሽክርክሪት እስከ ኤልኢዲ

አምቡላንስ ከኋላ ሲመጣ ሾፌር መጀመሪያ የሚያየው በስፖኪዮው ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ነው። ይህ መብራት ሁለት ሥራ አለበት። አንዱ መታየት ነው። ሌላው መኪናው የት እንዳለና ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማስታወቅ ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ከያዝን የቀረውን በቀላሉ እንከተለዋለን።

ከአምፖሉ እንጀምር። የድሮው አምፖል የሚያበራው በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ነው። ሽቦው ለመጋል ጊዜ ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ወዲያው አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ትልቅ አምፖል ቶሎ ቶሎ ቢያበሩት ቢያጠፉት ጥርት ያለ ብልጭታ አይወጣውም። መፍትሔው አምፖሉን ማጥፋት ሳይሆን ማዞር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1948 ፌዴራል ሳይን ኤንድ ሲግናል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ቢከን ሬይ» የሚባለውን መብራት አወጣ። ባለቀለም ቆቡ ሥር አንጸባራቂ ያላቸው አምፖሎች በትንሽ ሞተር ይዞራሉ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ መብራቱ አንዴም አይጠፋም። ጨረሩ ዓይናችን ላይ ደርሶ ሲያልፍ ነው በርቶ የጠፋ የሚመስለን። አንጸባራቂው ብርሃኑን ሰብስቦ ስለሚልከው ከሩቅ ይታያል፤ ስለሚዞርም ከአራቱም አቅጣጫ ይታያል። ጨረሩ አጥሩንና ግድግዳውን እየጠረገ ስለሚያልፍ፣ መኪናው ገና ከመታጠፊያው ሳይወጣ መምጣቱ ይታወቃል። ለእኔ የዚህ መብራት ትልቁ ጸጋው ይህ ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጡት በዚህ በኩል አልደረሱበትም።

ሆኖም የሚዞር ነገር ያልቃል፤ ባትሪም ይጨርሳል። ቀጥሎ የመጣው የዜኖን ብልጭታ ነው። መሠረቱ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሃሮልድ ኤጀርተን በ1930ዎቹ ካዳበረው የፎቶግራፍ ብልጭታ ጋር አንድ ነው፦ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ያጠራቅምና በጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ብልጭታው ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ እንኳ ያነሰ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ በደንብ ተሠራ፤ ሁለተኛው ግን ተበላሸ። ዓይናችን ወደ ብልጭታው እስኪዞር ብርሃኑ የለም፤ የሚቀጥለው ሲበራ መኪናው ቦታ ቀይሯል። ርቀቱን መገመት ያስቸግራል። ለዚህም ሲባል ሁለት ወይም አራት ብልጭታ በተከታታይ እንዲወጣ ተደረገ፤ ዓይን እንደ አንድ ረዘም ያለ ብርሃን ይቀበለዋል።

ኤልኢዲ ሲመጣ ሽቦም ቱቦም ቀረ። በቅጽበት ይበራል፣ በቅጽበት ይጠፋል፣ በሚፈለገው መጠን ይቆያል፣ የሚወስደውም ኃይል ጥቂት ነው። ከሁሉ በላይ የለወጠው ግን ሰማያዊውን ነው። ቀድሞ ሰማያዊ ብርሃን የሚገኘው ሰማያዊ መስተዋት በአምፖል ላይ በመድፋት ነበር። የአምፖል ብርሃን ግን ሰማያዊ ስለሚያንሰው መስተዋቱ አብዛኛውን ያስቀረዋል። በ1993 ሹጂ ናካሙራ ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ይፋ አደረገ፤ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋርም በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኘ። ምሽት ላይ ዓይናችን ከቀይ ይልቅ ለሰማያዊ ንቁ ነው። ቀይ ደግሞ በየመኪናው የኋላና የፍሬን መብራት መካከል ይጠፋል። ስለዚህ በሌሊት ሰማያዊው ገኖ ወጣ።

ችግሩ አሁን ተገልብጧል። ሌሊት መንገድ ዳር በቆመ መኪና ላይ ሙሉ ኃይሉን የሚረጭ ኤልኢዲ የሚመጣውን ሾፌር ያሳውረዋል፤ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ቁስለኛ የሚያነሳው ሰው በዚያ ብርሃን ይሸፈናል። መታየት ያለበት ግን እሱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 65 ብልጭታው በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ እንዲሆን ይወስናል፤ ለቀንና ለሌሊት ሁለት የተለያየ ኃይል ላላቸው መብራቶችም ቦታ ሰጥቷል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ሾፌሩ አቁሞ ማርሹን ፓርኪንግ ላይ ሲያደርግ መብራቱ በራሱ ደብዘዝና ዘገም እንዲል ተደርጎ የሚሠራ አለ።

አሜሪካ ውስጥ ለሚነዱ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልጨምር። በሃምሳውም ግዛቶች እንዲህ ያለ መብራት አብርቶ የቆመ የአደጋ ጊዜ መኪና ሲያጋጥም መስመር መቀየር፣ ካልተቻለም ፍጥነት መቀነስ በሕግ ግዴታ ነው። መብራቱ ደበዘዘ ተብሎ ግዴታው አይቀርም። መስመር ለመቀየር ፍሬቻ ማብራት የሚገባውም መኪናው አጠገብ ሲደርሱ ሳይሆን መብራቱ ከሩቅ እንደታየ ነው።