ከፍ ለተደረገ መኪና ሾክ አብዞርበር እንዴት ይመረጣል?



በአገራችን ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ የሚያጋጥመው መንገድ ኮረኮንች ወይም ክረምት የቦረቦረው ጭቃ ነው፤ ወንዝም ያለ ድልድይ የሚሻገሩበት ብዙ ቦታ አለ። ስለዚህ ብዙ የመኪና ባለቤቶች ሞላውንና ባሌስትራውን አስለውጠው መኪናቸውን ከፋብሪካ ከወጣበት ቁመት 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያስደርጋሉ። ወደ ሾክ አብዞርበሩ በደረሱ ጊዜ ግን አብዛኞቹ የሚጠይቁት «ጠንካራው የትኛው ነው?» ብለው ነው። መጠየቅ የሚገባው «ልኩ የትኛው ነው?» ተብሎ ነው። ይህም ልክ በሜትርና በቀላል ሒሳብ ሊገኝ እንደሚችል ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። በገጠር ሕመምተኛና ወላድ ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሱት በእንዲህ ያለው መኪና ነው። ሾክ አብዞርበሩ በመንገድ ላይ ቢሰበር ወይም ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ቢዘል፣ መሪና ፍሬን በሚፈለጉበት ሰዓት አይታዘዙም።

1ኛ፤ የሾክ አብዞርበር ሥራ

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙት ሞላና ባሌስትራ ናቸው፤ ሾክ አብዞርበር ክብደት እንዲሸከም የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ጭነት ሲጫንበት ኋላው የሚሰምጥ መኪና ሾክ አብዞርበር ቢለወጥለት አይድንም።

ታዲያ ሥራው ምንድን ነው? በአንድ ሞላ ጫፍ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ፣ ወደ ታች ስባችሁ ልቀቁት። ድንጋዩ ብዙ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ቀጥሎ ድንጋዩን ውኃ በሞላበት ባልዲ ውስጥ አስገብታችሁ ያንኑ አድርጉ። አሁን ቶሎ ይቆማል፤ ውኃው እንቅስቃሴውን ይዞታልና። ሾክ አብዞርበርም እንዲሁ ነው። በውስጡ ዘይት አለ፤ በዘይቱም ውስጥ ቀዳዳዎችና ቫልቮች ያሉት ፒስተን ይመላለሳል። ዘይቱ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ እንቅስቃሴውን ያግዳል። ጉልበት እንደማይጠፋ በፊዚክስ ተምረናል፤ የመንቀጥቀጡ ጉልበትም ወደ ሙቀት ይለወጥና በብረቱ በኩል ወደ አየር ይወጣል።

እንግዲህ ለመምረጥ ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፤ ርዝመቱ ስንት ይሁን? የማገድ ኃይሉ ስንት ይሁን? ሙቀቱንስ እንዴት ያስወጣል?

2ኛ፤ ርዝመት

መኪናው በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል በአካሉና በአክስሉ መካከል ያለው ርቀት በ5 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። አሮጌው ሾክ አብዞርበር ግን አልረዘመም። ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት በቁጥር እንመልከት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ስለሆኑ እያንዳንዱ በመኪናው ላይ ለክቶ የራሱን ማግኘት አለበት።

አንድ ቀጥ ብሎ የቆመ ሾክ አብዞርበር ፈጽሞ ሲጨመቅ 33፣ ፈጽሞ ሲዘረጋ 55 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። መኪናው በደልዳላ ቦታ ሲቆም ርዝመቱ 43 ነበር። ስለዚህ ወደ ላይ 10፣ ወደ ታች 12 ሳንቲ ሜትር መሄድ ይችል ነበር ማለት ነው። መኪናው በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲደረግ የቆመበት ርዝመት 48 ይሆናል። አሁን ወደ ታች የቀረው 55 ሲቀነስ 48፣ ማለት 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ጊዜ ሾክ አብዞርበሩ ተዘርግቶ ያልቅና አክስሉን እንደ ገመድ አንጠልጥሎ ይይዛል። ጎማው መሬት አይነካም፤ ሾክ አብዞርበሩም ለዚህ ሥራ ስላልተሠራ ውሎ አድሮ ዘንጉ ወይም ማሠሪያው ይበጠሳል።

«እንግዲያው ረጅሙን እንግዛ» የሚል ይኖራል። ይህም ያለ ልክ ከሆነ ሌላ ጉዳት አለው፤ ሲዘረጋ የሚረዝም ሾክ አብዞርበር ብዙውን ጊዜ ሲጨመቅም ይረዝማልና። ለምሳሌ የምንገዛው አዲሱ ሲዘረጋ 60፣ ሲጨመቅ 36 ይሁን። ወደ ታች 12 ሳንቲ ሜትር መልሰን አገኘን። ወደ ላይስ? በአክስሉና በሻንሲው መካከል አክስሉ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ የሚከለክል መግቻ ጎማ አለ። መኪናው ከፍ ካለ በኋላ ከአክስሉ እስከ መግቻው ያለው ክፍተት 13 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አክስሉ መግቻውን ሲነካ የሾክ አብዞርበሩ ርዝመት 48 ሲቀነስ 13፣ ማለት 35 ነው። አዲሱ ግን ከ36 በታች አይጨመቅም። ስለዚህ መግቻው ሥራውን ሳይጀምር ሾክ አብዞርበሩ ራሱ ይመታል፤ ፒስተኑ ወይም የላይኛው ማሠሪያ ይሰበራል።

መድኃኒቱ መግቻውን ዝቅ ማድረግ ነው። በ3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ክፍተቱ 10፣ የሾክ አብዞርበሩ ትንሹ ርዝመት ደግሞ 38 ይሆናል። መግቻው ራሱ ጎማ ስለሆነ ስለሚጨመቅ 2 ሳንቲ ሜትር መጠባበቂያ ተረፈን ማለት ነው። ከዚህም ጋር መኪናው ተነሥቶ ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈው ጎማ አለመወጠሩን ማየት ግዴታ ነው። እርሱ ከተበጠሰ ፍሬን በሚገባ አይሠራም።

ሾክ አብዞርበሩ ዘንበል ብሎ የታሠረ እንደሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ከቀጥታው በ30 ዲግሪ ያዘነበለ ሲሆን፣ የ30 ዲግሪ ኮሳይን 0.87 ያህል ስለሆነ፣ አክስሉ 10 ሳንቲ ሜትር ሲነሣ እርሱ የሚጨመቀው 8.7 ያህል ነው።

የመኪናውንም አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ቶዮታ ላንድክሩዘር 70 የሚባለው ዘር እ.ኤ.አ. በ1984 መሠራት የጀመረ ነው፤ ከ1999 ጀምሮ የከባድ ሥራው ዓይነት ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ አለው፤ ከፊትም ከኋላም አክስሉ ወጥ ነው። ከላይ ያለው ሒሳብ ለእንዲህ ያለው ይሠራል። በሃይሉክስ ግን የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በክንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ሾክ አብዞርበሩ በክንዱ እኩሌታ ላይ ቢታሠር፣ በማንሻ ሕግ መሠረት ጎማው 10 ሳንቲ ሜትር ሲነሣ እርሱ 5 ያህል ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ «መኪናው 5 ከፍ ብሏልና 5 የሚረዝም ስጡኝ» ማለት ለሃይሉክስ ፊት ትልቅ ስሕተት ነው።

3ኛ፤ የማገድ ኃይል

መኪና ከፍ የሚደረገው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ያንኑ ሞላ ይዞ ከላዩ ማስረዘሚያ ማስገባት ነው። በዚህ ጊዜ የሞላው ጥንካሬ ስላልተለወጠ የሚለወጠው የሾክ አብዞርበሩ ርዝመት እንጂ ኃይሉ አይደለም። ሁለተኛው ይበልጥ ጠንካራ ሞላ መትከል ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም መለወጥ አለባቸው።

ግን በስንት? ፊዚክስ እንደሚያስተምረን፣ ንዝረቱ እንደ ቀድሞው እንዲበርድ የማገድ ኃይሉ ማደግ ያለበት የሞላው ጥንካሬና የተሸከመው ግዝፈት ተባዝተው በሚሰጡት ቁጥር ስኩዌር ሩት መጠን ነው። ግዝፈቱ ሳይለወጥ ሞላው በ44 በመቶ ቢጠነክር፣ ማለት 1.44 እጥፍ ቢሆን፣ የማገድ ኃይሉ 1.2 እጥፍ ይሆናል፤ 1.2 በራሱ ሲባዛ 1.44 ነውና። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጭማሪ 20 በመቶ ብቻ ነው። «ጠንካራው ይሻላል» ብሎ እጥፉን የገዛ ሰው ከልኩ በጣም አልፏል።

ከልክ ያነሰ ሾክ አብዞርበር መኪናውን እንደ ጀልባ ያወዛውዘዋል። ከልክ ያለፈውስ ምን ያደርጋል? ጎማው ወደ ጉድጓዱ ቶሎ መውረድ ስለማይችል መሬቱን ይለቃል። ጉብታዎች ሲከታተሉ ደግሞ ሞላው ተዘርግቶ ሳይጨርስ ሌላ ጉብታ ይደርስበታል፤ መኪናውም ቀስ በቀስ እየሰመጠ መግቻውን መምታት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሾፌሩ «ሾኩ ደከመ» ብሎ ከዚያ የበለጠ ጠንካራ ይገዛል፤ ነገሩም ይብስበታል።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መኪናውን የወትሮ ጭነቱን እንደያዘ በሚዛን ላይ ማቆም፣ ፊቱንና ኋላውንም ለየብቻ መመዘን ይገባል። በግምት መናገር ያሳስታል። 20 ሊትር ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከነናፍጣው 17 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ 20 ሊትር ውኃ ያለበት ደግሞ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ከሁለቱም አራት አራት የጫነ ሰው ወደ 150 ኪሎ ግራም ጨመረ፤ ይህም ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደ ማለት ነው። ዘወትር ባዶውን ለሚሄድ መኪና ለጭነት የተሠራ ሾክ አብዞርበር መግዛት፣ ተሳፋሪውን በከንቱ ማንገጫገጭ ነው።

4ኛ፤ ሙቀትና የአሠራር ዓይነት

አንዳንድ መንገድ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸበሸበ ነው። በየ1 ሜትሩ አንድ ሽብሽብ ቢኖርና መኪናው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በሴኮንድ 10 ሜትር ስለሚጓዝ 10 ሽብሽብ ይመታል። በያንዳንዱ ምት ሾክ አብዞርበሩ ሲጨመቅና ሲዘረጋ በድምሩ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ፣ የሚያግደውም ኃይል በአማካይ 500 ኒውተን ቢሆን፣ ሥራው 500 ሲባዛ በ0.04፣ ማለት 20 ጁል ነው። በሴኮንድ 10 ጊዜ ሲሆን 200 ዋት ይሆናል። በ10 ደቂቃ ውስጥ 120,000 ጁል ይጠራቀማል፤ ይህ ሙቀት 1 ሊትር ውኃ በ28 ዲግሪ ያህል ማሞቅ ይችላል። በሾክ አብዞርበር ውስጥ ያለው ዘይት ከዚህ ያነሰ ነው፤ ዘይት ደግሞ ከውኃ ይልቅ ቶሎ ይሞቃል። አየር ባያበርደው ኖሮ ምን ያህል እንደሚግል ከዚህ መገመት ይቻላል። ዘይት ሲግል ይቀጥናል፤ ከአየር ጋር ሲደባለቅም አረፋ ይሆናል፤ የማገድ ኃይሉም ይቀንሳል።

ይህን ለመከላከል የተሠሩት ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ባለ ሁለት ቱቦው አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የገባ ነው። የውጭው ቱቦ በድንጋይ ተመትቶ ጥቂት ቢጎደጉድም ፒስተኑ የሚሄደው በውስጠኛው ስለሆነ ሥራውን ይቀጥላል፤ ዋጋውም በአብዛኛው ይረክሳል። ነገር ግን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ያወጣል። ባለ አንድ ቱቦው ዘይቱንና በከፍተኛ ግፊት የታመቀውን ናይትሮጅን በተንሳፋፊ ፒስተን ይለያያል። ዘይቱ የውጭውን ብረት ስለሚነካ ቶሎ ይበርዳል፤ አረፋም እንዲሁ በቀላሉ አይሆንም። የጀርመኑ ቢልሽታይን ይህን ዓይነት ለመርሴዲስ ቤንዝ አውቶሞቢሎች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ድክመቱ ቱቦው በድንጋይ ከጎደጎደ ፒስተኑ መነከሱ ነው።

ረጅም ኮረኮንች በፍጥነት ለሚጓዝ ባለ አንድ ቱቦው ይመረጣል። ቀስ ብሎ ድንጋያማ ስፍራ ለሚሄድና ዋጋ ለሚቆጥብ ባለ ሁለት ቱቦው ይበቃል።

5ኛ፤ ሾክ አብዞርበር የማይችለው ነገር

መኪና ከፍ ሲል የክብደቱ ማእከል አብሮ ከፍ ይላል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 150፣ የክብደት ማእከሉም ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የርቀቱ እኩሌታ ለከፍታው ሲካፈል 1 ይሆናል። ማእከሉ ወደ 80 ከፍ ሲል 75 ለ80 ተካፍሎ 0.94 ያህል ይሆናል። ይህም መኪናው ሳይገለበጥ ሊይዘው የሚችለውን የማዞሪያ ፍጥነት ይቀንሰዋል። ጭነት ከጣሪያው ላይ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ጥሩ ሾክ አብዞርበር ውዝዋዜውን ያበርዳል እንጂ ይህን ቁጥር አይመልሰውም፤ የሚክሰው የሾፌሩ ዝግታ ብቻ ነው።

ደግሞም ሞላ መለወጥ አካሉን እንጂ አክስሉን ከመሬት አያርቅም። አክስሉን የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ነው፤ እርሱም ዲያሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ሲጨምር አክስሉን የሚያነሣው 2.5 ብቻ ነው።

ለማጠቃለል፤

ሀ. መኪናውን ከወትሮ ጭነቱ ጋር መዝኑ፤ ሞላውን አስቀድማችሁ ምረጡ።
ለ. አዲሱ ሞላ ከገባ በኋላ የቆመበትን ርዝመት፣ የመግቻውን ክፍተትና የተንጠለጠለበትን ርዝመት ለኩ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ግን አትግቡ፤ ጠንካራ ማቆሚያ ይደረግበት።
ሐ. የሾክ አብዞርበሩን የተጨመቀና የተዘረጋ ርዝመት ከሻጩ ጠይቃችሁ ከልካችሁ ጋር አስተያዩ።
መ. የማገድ ኃይሉ ለአዲሱ ሞላ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ።
ሠ. ከ1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ብሎኖቹንና ጎሚኒዎቹን መርምሩ፤ ዘይት ያንጠባጠበም እንደሆነ እዩ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ለመለካት የሚፈጀው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሳይለኩ የተገዛው ግን የሚፈታው ከጋራዥ ርቆ፣ ሰው በተጫነበት ሰዓት ነው። ከወላጆቻችን መካከል መኪናውን ከፍ ሊያስደርግ ያሰበ ቢኖር፣ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ሜትርና እርሳስ ይዘን እንርዳው።