እጅ መስጠትን የሚያስተምር ስፖርት፦ የብራዚል ጁጂትሱ በሳይንስ ዓይን

በአማርኛ «እጅ መስጠት» የሽንፈት ስም ነው። በጦር ሜዳም ሆነ በክርክር እጁን የሰጠ ሰው ሲመሰገን ብዙም አይሰማም። በብራዚል ጁጂትሱ ምንጣፍ ላይ ግን ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው እጅ መስጠትን ነው። ክንዱ ወይም አንገቱ የተያዘበት ተፋላሚ በነጻ እጁ የተጋጣሚውን ገላ ወይም ምንጣፉን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ ተጋጣሚው ወዲያውኑ ይለቅቀዋል፤ ሁለቱም ተጨባብጠው እንደገና ይጀምራሉ። ይህ ትንሽ ምልክት ባይኖር ኖሮ ስፖርቱን በየሳምንቱ መለማመድ ባልተቻለ ነበር። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት የፊዚክስና ጥቂት የሰውነት አሠራር ዕውቀት ይበቃል።

ከቶኪዮ እስከ ሪዮ ዴ ጄኔሮ

የስፖርቱ ሥር ጃፓን ነው። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ በ1882 በቶኪዮ ካቋቋመው የኮዶካን ጁዶ ትምህርት ቤት የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ እ.ኤ.አ በ1914 ብራዚል ደረሰ። ዕውቀቱ ወደ ግሬሲ ቤተሰብ ተሻገረ፤ ካርሎስ ግሬሲና ታናሽ ወንድሙ ኤሊዮም በመሬት ላይ የሚደረገውን ትግል ለይተው አዳበሩት።

ከአገር ቤት ትግል ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። በባህላዊው ትግል ጀርባው መሬት የነካ ሰው ተሸንፏል፤ በጁጂትሱ ግን ፍልሚያው ገና መጀመሩ ነው። በጀርባው የተኛው ሰው እግሮቹን በተጋጣሚው ወገብ ዙሪያ ጠምጥሞ ይከላከላል፤ ከዚያው ሆኖም ያጠቃል። ይህ አቋም «ጋርድ» ይባላል። የእግር ጡንቻ ከክንድ ጡንቻ እጅግ ስለሚበረታ፣ ከሥር ያለው ሰው እግሩን በተጋጣሚው ክንድ ላይ ማሰለፍ ከቻለ የኃይል ሚዛኑ ይገለበጣል።

ዓለም ይህን በግልጽ ያየው እ.ኤ.አ ኅዳር 12 ቀን 1993 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ነበር። 80 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ሮይስ ግሬሲ በመጀመሪያው የዩኤፍሲ ውድድር በአንድ ምሽት ሦስት ተጋጣሚዎችን አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ከእርሱ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ የሚከብደውን ታጋይ ዳን ሰቨርንን በጀርባው እንደተኛ በእግሮቹ አንቆ እጅ አሰጠው።

ዛሬ ስፖርቱ የሙያተኞች ብቻ አይደለም። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ የሚለማመዱ ሐኪሞች፣ አሽከርካሪዎችና ተማሪዎች በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን ይገኛሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ አቡዳቢ ዋና ማዕከል ሆናለች፤ ኤዲሲሲ የተሰኘው ታዋቂ ውድድር እ.ኤ.አ በ1998 የተጀመረው በዚያ ነው።

የክርን ሒሳብ

ከባድ ድንጋይ በዲጅኖ የፈነቀለ ሰው የጁጂትሱን ዋና ሕግ ያውቀዋል። የማዞር ኃይል የሚገኘው የተጫነው ኃይል ከመደገፊያው ነጥብ ባለው ርቀት ሲባዛ ነው። ርቀቱ ሲረዝም ትንሽ ኃይል ብዙ ይሠራል።

ክንድን ቀጥ አድርጎ በሚይዘው ስልት አጥቂው ከተጋጣሚው ጎን አግድም ይተኛል፤ የተጋጣሚውን ክንድ በጭኖቹ መካከል ያስገባል፤ አንጓውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይይዝና ዳሌውን ወደ ላይ ይገፋል። ክንዱ ዲጅኖ፣ የአጥቂው ዳሌ ደግሞ መደገፊያ ድንጋይ ይሆናል። ከክርን እስከ አንጓ ያለው ርቀት 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና አጥቂው በ200 ኒውተን፣ ማለትም 20 ኪሎ ግራም ከረጢት ለማንሳት በሚያስፈልግ ኃይል ቢስብ፣ በክርን ላይ 50 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል ያርፋል። ክንዱን አጥፎ ለመያዝ የሚታገለው የላይኛው ክንድ ጡንቻ ግን ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው ከክርኑ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው። ያንን የማዞር ኃይል ብቻውን ይቋቋም ቢባል 1,250 ኒውተን፣ ማለትም የ125 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል መሳብ ይኖርበታል። ሌሎች ጡንቻዎች ቢያግዙትም፣ ክንዱ እየተዘረጋ በሄደ ቁጥር ጡንቻው የሚሠራበት ርቀት ይበልጥ ስለሚያጥር ትግሉ ይከብደዋል። አጥቂው በበኩሉ የጀርባውን፣ የዳሌውንና የእግሩን ጡንቻ በአንድ ክንድ ላይ አሰልፏል።

ክንዱ ፈጽሞ ከተዘረጋ በኋላ ሸክሙ ከጡንቻ ወደ ጅማትና ወደ መገጣጠሚያው ሽፋን ይተላለፋል። እነዚህ ደግሞ ሲበጠሱ ለመዳን ብዙ ወራት ይፈልጋሉ። አሠልጣኞች «ጉልበትህን ግጠም» እያሉ የሚወተውቱበት ምክንያትም ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል፤ በጭኖቹ መካከል ክፍተት ካለ ክርኑ ሾልኮ ከመደገፊያው ያልፋል፤ መደገፊያ የሌለው ዲጅኖ ደግሞ ተራ ብረት ነው።

አንገትና አንጎል

አንገት ማነቅ ሲባል ብዙ ሰው ትንፋሽ ማሳጣትን ያስባል። በአግባቡ የተሠራ የጁጂትሱ ማነቂያ ግን የአየር ቧንቧውን አይነካም። ጉሮሮው በአጥቂው ክርን እጥፋት ውስጥ ነጻ ሆኖ ይቀመጣል፤ የላይኛውና የታችኛው ክንድ ከግራና ከቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱትን ሁለት ትላልቅ ቧንቧዎች ይጫናሉ።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ የሚያጠራቅመው ተቀማጭም የለውም። ስለዚህ ደም ሲቋረጥበት ሰውየው በ10 ሰከንድ አካባቢ ራሱን ይስታል። ወዲያው ከተለቀቀ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይነቃል። ማነቁ ለደቂቃዎች ከቀጠለ ግን የአንጎል ሕዋሳት መሞት ይጀምራሉ።

አደገኛው ነገር ሕመም አለመኖሩ ነው። ጥሩ ማነቂያ እምብዛም ስለማያም «ትንሽ ልታገሥ» ያለ ሰው ውሳኔውን ሳይወስን ሊያሸልብ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ አልፎ አልፎ የአንገት ደም ወሳጅ ቧንቧ የውስጥ ግድግዳ ተቀድዶ የደም መርጋትና ስትሮክ ያስከተለበት ሁኔታ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ከልምምድ በኋላ ከወትሮው የተለየ የአንገት ወይም የራስ ሕመም፣ የአንድ ዓይን ቆብ መውደቅ፣ የንግግር መተሳሰር ወይም የአንድ ጎን መድከም የታየበት ሰው «ያልፋል» ሳይል ፈጥኖ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ማነቂያን አሠልጣኝ በሌለበት፣ በተለይም በልጆች መካከል፣ በጨዋታ መልክ መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

ሕመም ሲዘገይ

ኤሊዮ ግሬሲ እ.ኤ.አ በ1951 በሪዮ ማራካኛ ስታዲየም ከጃፓናዊው የጁዶ ጀግና ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ተጋጥሞ ነበር። ኪሙራ ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ያዘው፤ ኤሊዮ ግን እጅ አልሰጠም። ኪሙራ በኋላ እንደተረከው አጥንት ሲሰበር ተሰማ፤ ግጥሚያው የቆመውም ከኤሊዮ ወገን ፎጣ ሲወረወር ነው። ያ ጥምዘዛ እስከ ዛሬ «ኪሙራ» ይባላል። ታሪኩ ለጽናት ምሳሌ ሆኖ ይነገራል፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባ አማተር ግን ሊከተለው የሚገባ ምሳሌ አይደለም።

ከክንድ ይልቅ አታላይ የሆነው እግር ነው። ተረከዝን ይዞ በሚያዞረው ስልት ጥምዘዛው የሚያርፈው በጉልበት መገጣጠሚያ ጅማቶች ላይ ነው። የማስጠንቀቂያ ሕመሙ ግልጽ ሆኖ ሲሰማ ጅማቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት የዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽን ስልቱን የሚፈቅደው ያለ ኪሞኖ በሚደረግ ውድድር ለቡናማና ለጥቁር ቀበቶ አዋቂዎች ብቻ ነው፤ ይህም የተፈቀደው እ.ኤ.አ በ2021 ነው። ጀማሪ ተረከዙ ሲያዝ ሕመም እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

የውድድር ቀንና ሚዛን

የነጭ ቀበቶ አዋቂ ግጥሚያ 5 ደቂቃ ነው። ተጋጣሚን መጣል 2 ነጥብ፣ እግሮቹን አልፎ ጎኑን መቆጣጠር 3፣ ደረቱ ላይ መቀመጥ ወይም ጀርባውን መያዝ 4 ነጥብ ያስገኛል፤ እጅ ያሰጠ ግን ነጥብ ሳይቆጠር ያሸንፋል። አምስት ደቂቃ አጭር ይመስላል። ይሁን እንጂ ጨርቅ ጨምድዶ የያዘ የክንድ ጡንቻ ሳይላላ ሲቆይ የራሱን ደም ሥሮች ይጫናል፤ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ጣቶች ይከዳሉ። ልምድ ያለው ሰው ጥብቅ የሚይዘው በሚያስፈልገው ቅጽበት ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ይተነፍሳል።

ብዙ አማተሮች ራሳቸውን የሚጎዱት ወደ ምንጣፉ ሳይደርሱ ነው። ወደ ቀላል ምድብ ለመውረድ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ፤ በላስቲክ ልብስ ያልባሉ። የክብደትን 2 በመቶ ያህል በፈሳሽ ማጣት እንኳ የሰውነትን አቅም ይቀንሳል፤ ከዚያ ሲያልፍ ደም ይወፍራል፣ ልብና ኩላሊት ይጨነቃሉ። እ.ኤ.አ በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ክብደት ሲቀንሱ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞተዋል፤ የሚዛን ሕጎችም ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውድድር ተወዳዳሪው የሚመዘነው ከመጀመሪያ ግጥሚያው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ በኪሞኖ የሚወዳደርም ኪሞኖውን እንደለበሰ ይመዘናል። ስለዚህ የተጨመቀውን ውሃ ለመመለስ ጊዜ የለም፤ ለጀማሪ የሚበጀው በየዕለቱ በሚኖርበት ክብደት መወዳደር ነው።

ለሚጀምር ሰው

ከነጭ ቀበቶ ተነሥቶ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቡናማ አልፎ ጥቁር ለመድረስ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ የሚያቆየው የመገጣጠሚያ ጤና ነው። ከልምምድ በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ መታጠብ፣ ኪሞኖን በየጊዜው ማጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ጭርት ወይም ቁስል ያለበት ሰው እስኪድን ከምንጣፍ መራቅ የመከባበር ጉዳይ ጭምር ነው። ራሱን የሳተ ወይም ጭንቅላቱን የተመታ ሰው በዚያ ቀን ልምምዱን ማቆም ይኖርበታል።

ትምህርት ቤት ሲመረጥም አንድ ነገር መመልከት ይጠቅማል፤ ይኸውም ነባሮቹ እጅ ሲሰጡ እንዴት እንደሚሆኑ ነው። ጥቁር ቀበቶው በሰማያዊው ተይዞ ሳያቅማማ መታ መታ የሚያደርግበትና ማንም የማይሳለቅበት ቤት፣ ጀማሪው ክርኑም ጉልበቱም ሳይጎዳ የሚማርበት ቤት ነው።