ለጥያቄና መልስ ምሽት እንዘጋጅ፦ የስምጥ ሸለቆ ምድር



በመጪው የጥያቄና መልስ ምሽት የሚቀርቡት ጥያቄዎች ስለ አካባቢያችን የመሬት አፈጣጠር ናቸው። መልሱን በቃል መያዝ ብቻ አይበቃም። «ለምን?» ተብላችሁ ስትጠየቁ እንዳትቸገሩ ምክንያቱንም አብራችሁ አጥኑ። አምስተኛውን ጥያቄ ወላጆችም እንዲያነቡት አደራ እንላለን።

1ኛ. ታላቁ ስምጥ ሸለቆ እንዴት ተፈጠረ?

የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ በታላላቅ ክፋዮች የተከፈለ ነው። በምዕራብ የኑቢያ ክፋይ፣ በምሥራቅ የሶማሊያ ክፋይ እርስ በርስ ይራራቃሉ። ፍጥነታቸው በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የእጃችን ጥፍር እንኳ ይቀድማቸዋል። ይህ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሲጠራቀም ግን መካከሉ ይሰምጣል። የቱርካና ሐይቅ የተኛው በዚሁ ሸለቆ ውስጥ ነው።

ሙከራ፦ ሁለት ካርቶኖችን ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥሙ። በላያቸው እርጥብ አሸዋ ደልድሉና ካርቶኖቹን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳቡ። አሸዋው መካከል ላይ ተሰንጥቆ ሲወርድ ታያላችሁ።

2ኛ. መሬት ስትከፈት ሰው አይቶ ያውቃል?

አዎን። በመስከረም 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) በአፋር፣ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተለያየ። ምክንያቱም ከሥር የመጣ ቅልጥ ድንጋይ በስንጥቁ ገብቶ ግራና ቀኙን ስለገፋው ነው።

3ኛ. በአፍሪካ ዝቅተኛው የየብስ ቦታ የት ነው?

ብዙ ሰው «ዳሎል» ብሎ ይሳሳታል። ትክክለኛው መልስ በጅቡቲ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ዳርቻ ሲሆን ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ነው። አሞሌ ጨው የሚቆረጥበት የዳናክል ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው።

4ኛ. ባልጩት ምንድን ነው?

ቅልጥ ድንጋይ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል። ሲሰበር ጠርዙ ስለታም ስለሆነ የጥንት ሰዎች መቁረጫና መፋቂያ ሠርተውበታል።

5ኛ. በስምጥ ሸለቆ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ለምን ይበልዛል?

ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር አለው። የከርሰ ምድር ውሃ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ያሟሟል። ጥቂቱ ለጥርስ ይጠቅማል፤ ሲበዛ ግን ገና በመሠራት ላይ ያለውን የሕፃናት ጥርስ ያበልዛል። ለብዙ ዓመታት በብዛት ከተጠጣ አጥንትንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው።

ስለዚህ ጥርሱ የበለዘውን ጓደኛችሁን «ጥርስህን አትፍቅም» ብላችሁ አታሳፍሩት። የልጅነቱ ውሃ ምልክት ነው እንጂ የንጽሕና ጉድለት አይደለም። እናንተም ጥርሳችሁ በልዞ ከሆነ አፋችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ አትሳቁ።

ወላጆች ሆይ፤ ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላልና አትተዉት። ፍሎራይድን ግን አያስወግድም። በዓይን አይታይም፣ መጠኑም ከጉድጓድ ጉድጓድ ይለያያል፤ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። የውሃ ሠራተኞችን «የዚህ ጉድጓድ ፍሎራይድ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍሎራይዱ አነስተኛ የሆነውን ውሃ በተለይ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አስቀድሙ። በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ በጣም አነስተኛ ነው፤ ለመጠጥ ሲሆን ግን አፍሉት።

መልመጃ

ሀ. በሙከራው አሸዋው መካከል ላይ የወረደው ለምንድን ነው?
ለ. የዳባሁ ስንጥቅ እንዴት ተከፈተ?
ሐ. ጎረቤታችሁ «ውሃዬን ስለማፈላ ፍሎራይድ አያሰጋኝም» ቢሏችሁ ምን ብላችሁ ታስረዷቸዋላችሁ?

መልካም ዝግጅት!